ስም ወይስ ሰው?

አሜሪካ ያለን አበሾች ለልጅ ኮሌጅ ስንመርጥ የምናስቀድመው ስሙን ነው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ስም ምን ይረባዋል?

እስከ ሃይስኩል ልጁን ለይቶ የመርዳት ግዴታ የትምህርት ቤቱ ነበር። ኮሌጅ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ተማሪው ራሱ ማስረጃውን ይዞ "ይሄ ያስፈልገኛል" ካላለ ህጉ አይደርስለትም። "ሰው እንዳይሰማ" እያልን ስንደብቀው ኖረን፣ በ18 ዓመቱ በምን አፉ ይጠይቅ?

ኮሌጅ ስትጎበኙ ህንጻው አያታልላችሁ። ጸጥ ያለ የፈተና ክፍል አለ ወይ? ብቻውን የሚያድርበት ዶርምስ? በየሳምንቱ አግኝቶ "እንዴት ነህ?" የሚለው ሰው ማነው? ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ማርሻል ዩኒቨርሲቲ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለነዚህ ተማሪዎች የተለየ ፕሮግራም አለው። እንዲህ ያለው ድጋፍ ብዙ ጊዜ ለብቻው ያስከፍላልና ዋጋውንም ጠይቁ።

እንዲያውም እናንተ ተዉት፤ ልጁ ራሱ ይጠይቅ።