«ቀንሺ» የሚለው ምክር ለማን ነው?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱን ለብቻው ልመልስ ወድጃለሁ። ጠያቂዋ እዚሁ ቀራንዮ የምትኖር የ36 ዓመት እናት ናት። ስሟን እንዳልጠቅስ አደራ ብላኛለች።

ከወጣትነቷ ጀምሮ ምግብ ያስፈራታል። ቀኑን ሙሉ በቡና ብቻ የዋለችባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው፤ ጥቂት ከቀመሰች ይጸጽታታል። ሕክምና ተከታትላ ደህና መብላት ጀምራ ነበር። በቅርቡ ግን ሳትበላ የተለካው ስኳሯ 112 ሆነና የስኳር በሽታ ዋዜማ ላይ እንዳለች ተነገራት። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ድንችና ፍራፍሬ እንድትቀንስም በወረቀት ተጽፎ ተሰጣት። «ሲስተር፣ ወረቀቱን ሳየው ደስ አለኝ። ያስፈራኝ ደስታዬ ነው» ትላለች።

ልጄ፣ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ሕመምሽ በሐኪም የተፈረመ ፈቃድ ያገኘ መስሎት ነው ደስ ያለው።

በመጀመሪያ ስለ ቁጥሩ እንነጋገር። ሳይበሉ የሚለካ ስኳር ከ100 እስከ 125፣ የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ደግሞ ከ5.7 እስከ 6.4 ሲሆን ብዙ ሐኪሞች የስኳር በሽታ ዋዜማ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሳይበሉ የሚለካውን ከ110 ይጀምረዋል። ስለዚህ 112 ትኩረት ይፈልጋል እንጂ ዛሬውኑ ከገበታ የሚያስነሳ ቁጥር አይደለም። በሽታው ገና አልያዘሽም።

ሁለተኛው ነገር የምርመራው ሁኔታ ነው። ለቀናት ጥቂት የበላ ሰው ሰውነቱ ስኳርን የሚያስተናግድበት መንገድ ይለወጣል። ስኳር በውሃ ተጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ለሚደረገው ምርመራ፣ ሰውየው አስቀድሞ ለሦስት ቀን እንጀራና ዳቦን የመሰሉ ምግቦችን እንደ ልቡ እንዲበላ የሚታዘዘው ለዚህ ነው፤ ካልበላ ውጤቱ ያለ አግባብ ከፍ ሊል ይችላል። የሦስት ወር ስኳርም በብረት እጥረት ምክንያት ከእውነተኛው በላይ ሊያሳይ ይችላል። ምግብ ለሚቀንሱ ሴቶች ደግሞ የብረት እጥረት እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ምርመራው ሲደገም እንዴት ስትበዪ እንደቆየሽ ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪ፤ የደም ማነስም አብሮ ይታይልሽ።

ሦስተኛው፣ «ቀንሺ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ ማወቅ ነው። በአሜሪካ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ታዋቂ ጥናት አለ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ትልቅ ውጤት ነው። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ ክብደታቸው የበዛ ሰዎች ነበሩ። ምግብ የሚፈራና የከሳ ሰው በዚያ ጥናት ውስጥ አልነበረም። ለእነሱ የጠቀመው መቀነስ ላንቺም ይጠቅማል ብሎ ከዚያ መደምደም አይቻልም።

መክሳት ራሱ ከስኳር እንደማያድን አገራችን ምስክር ናት። በጎንደር እነ ዶክተር ሺታዬ ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ድሆችና ቀጫጭኖች ነበሩ። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ጉዳይ ዳግመኛ ይታይ ብለው ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ይህን ዓይነቱን «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። የእነሱ ረሃብ በድህነት የመጣ ነው፤ ያንቺ ሌላ ነው። ነገር ግን «ቀጭን ከሆንኩ ስኳር አይነካኝም» ማለት እንደማያዋጣ ከዚህ እንማራለን።

ታዲያ ምን ትብዪ? የእኔ ምክር፣ ከገበታሽ ላይ ከማንሳትሽ በፊት ጨምሪበት ነው። እንጀራሽን አትተዪ፤ ከሽሮ፣ ከምስር ወይም ከክክ ጋር፣ ጎመን ወይም ሰላጣ ጨምረሽ ብዪው። ቻይ ከሆነ ጎመኑንና ወጡን አስቀድመሽ ቅመሺ፤ ስኳሩ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ይረዳል። ዳቦ ብቻውን ከሚሆን ከእንቁላል ጋር ይሁን። ሙዙን ከለውዝ ወይም ከእርጎ ጋር አድርጊው። ቀኑን በሦስት ገበታና በሁለት መክሰስ ክፈዪው፤ መክሰሱ አንድ እፍኝ ቆሎ ሊሆን ይችላል። ቡና ቁርስን አይተካም፤ ከቁርስ በኋላ ይምጣ። የሚቀነስ ነገር ካለ ለስላሳ መጠጥና በሻይ ላይ የሚበዛው ስኳር ነው። ለረጅም ጊዜ ሳትበዪ ከቆየሽ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ አትጀምሪ፤ የደም ማዕድናት ድንገት ወርደው ልብን ሊያውኩ ስለሚችሉ ጅማሬው በሐኪም ክትትል ይሁን።

ከምግብ በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድ ጥሩ ነው፤ በጣም ከስተሽ ከሆነ ግን ሐኪም ሳይፈቅድ አይሁን። «የበላሁትን ላቃጥል» የሚል ሐሳብ ከመጣ እርምጃው ለበሽታው እየሠራ ነውና አቁሚው። ስኳርሽን በየቀኑ በጣት መለካት፣ በየማለዳው ሚዛን ላይ መውጣትም ለአንቺ አይበጅም። መድኃኒት ቢታዘዝልሽ፣ ሜትፎርሚን የምግብ ፍላጎት ሊቀንስ ስለሚችል ሕመምሽን አስቀድመሽ አሳውቂ።

የጾምም ጉዳይ አለ። ብዙ ሴቶች ችግራቸውን በጾም ስም ሲሸፍኑት አይቻለሁ፤ ቤተሰብም «መንፈሳዊ ናት» ይላል። ክርስቲያን ከሆንሽ ለንስሐ አባትሽ እውነቱን ንገሪ፤ ሙስሊም ከሆንሽም በረመዳን ሕመምተኛ እንዲያፈጥር ተፈቅዷል።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለኝ። «በሞቴ ብዪ» እያሉ ጉርሻ ማብዛት ምግብ የሚፈራን ሰው ያስጨንቃል። «ከሳሽ፣ አማረብሽ» ማለት ደግሞ በሽታውን ማሞገስ ነው። አብራችሁ ተቀመጡ፣ አብራችሁ ብሉ፣ ስለ ልጆችና ስለ ሰፈር ተጫወቱ። ስንት እንደጎረሰች አትቁጠሩ።

ራስን መሳት፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ50 በታች መውረድ፣ የእግር ማበጥ ወይም ለቀናት ምንም አለመብላት ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይኬድ። የወር አበባ መቅረትም ለሐኪም የሚነገር ነው።

ልጄ፣ የተሰጠሽን ወረቀት ይዘሽ ወደ አእምሮ ሐኪምሽ ተመለሺ። ክትትልሽ ከተቋረጠ አማኑኤል ሆስፒታል ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ስኳርሽን የሚያየው ሐኪምና እሱ እንዲነጋገሩ ጠይቂ፤ ሁለቱ የሚስማሙበት አንድ የምግብ ዕቅድ ያስፈልግሻል። እስከዚያው ግን ዛሬ ማታ እራትሽን ከልጆችሽ ጋር ብዪ።