የሞተው ባትሪው እንጂ ሜገሩ አይደለም

እነዋሪ ላይ የወፍጮ ሞተር ሲቃጠል ጉዳቱ የባለ ወፍጮው ብቻ አይደለም። እህሉን በአህያ ጭኖ ከገጠር የመጣ ሰው ሳያስፈጭ ይመለሳል። ክረምቱን በእርጥበት ያሳለፈ ሞተር መብራት ከመለቀቁ በፊት ኢንሱሌሽኑ ሊፈተሽ የሚገባው ለዚህ ነው። መፈተሻው ሜገር ነው፤ 500 ወይም 1000 ቮልት ልኮ ጥቅልሉ ወደ ሞተሩ አካል ማፍሰስ አለማፍሰሱን ይለካል።

ይህን መሣሪያ «አይሠራም» ተብሎ ንብረት ክፍል ተጥሎ ሳየው ያንገበግበኛል። በቅርቡ ከፍቼ ያየሁት አንዱ ሌላው አካሉ ሁሉ ደህና ነበር። ያለቀው በውስጡ የታሸገው ባለ ስምንት ድንጋይ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ብቻ ነው። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዕቃ በዚህ ምክንያት ይወገድ መባሉን ልቀበለው አልቻልኩም።

እንዲህ ያለው ባትሪ ምሥጢር የለውም። እያንዳንዱ ድንጋይ 1.2 ቮልት ነው፤ ስምንቱ ተከታትለው ሲያያዙ 9.6 ይሰጣሉ። የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይም ቮልቱ ያው ስለሆነ ይተካዋል፤ አቅሙ ከፍ ካለ ግን በድሮው ቻርጀር ለመሙላት ረዘም ያለ ሰዓት ይፈልጋል። ስምንቱም አዲስና አንድ ዓይነት ይሁኑ። አሮጌ ከተቀላቀለባቸው ደካማው ቀድሞ ያልቅና የቀሩት በግልባጭ እየነዱ ይገድሉታል። በመሀላቸው የተሸጎጠው የሙቀት ፊውዝ ወደ ቦታው ይመለስ። ድንጋዩን በቀጥታ መበየድ ውስጡን ስለሚጎዳው፣ የኒኬል ቅጠል ቀድሞ የተያያዘበትን መግዛት ይሻላል። ፈስሶ የደረቀ ነጭ ዱቄት ካለ በኮምጣጤ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ በደንብ ማድረቅ ነው።

አጥብቄ የምቃወመው ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሊቲየም መግጠምን ነው። የሜገሩ ቻርጀር የሊቲየም ድንጋይ 4.2 ቮልት ሲደርስ ማቆም አያውቅም፤ ትርፉ እሳት ሊሆን ይችላል።

የወጣው ባትሪስ የት ይወድቃል? እነዋሪ ያለችበት የሞረትና ጅሩ ወረዳ የሚኖረው በጥቁር አፈሩ ነው። ካድሚየም አፈር ከገባ በቀላሉ አይወጣም፤ ስንዴም በሥሩ ስቦ ወደ ፍሬው ያደርሰዋል። ጃፓን ውስጥ በጂንዙ ወንዝ አካባቢ ከማዕድን ማውጫ የወጣ ካድሚየም ሩዝ ማሳ ገብቶ የገበሬዎችን አጥንትና ኩላሊት አበላሽቷል፤ መንግሥት ይህን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እርግጥ ጥቂት ባትሪ ማዕድን ማውጫ አይደለም። ቢሆንም በዚህ ማሳ ዳር አንድም መጣል የለበትም። እኛም አገር አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ፤ በከተማው የጎደለው ያለቀ ባትሪ ተሰብስቦ የሚቆይበት፣ ክዳን ያለው ዕቃና ተጠያቂ ሰው ነው።

ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴዎችም ከመፈረማቸው በፊት ባለሙያ ባትሪውን አውጥቶ መሣሪያውን በሌላ ኃይል እንዲሞክር ያድርጉ። አዲስ ሲገዛ ደግሞ ከሱቅ በሚገኝ ተራ ድንጋይ የሚሠራ ሜገር አለ፤ የጨረታው ዝርዝር ላይ እሱ ይጻፍ።