አገልጋዮቻችን በአንድ መስመር አይለፉ

በነቀምትና በአካባቢዋ ከተሞች በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚሄድ አንባቢ ያውቀዋል። የትውልድ ዘመን፣ ጋብቻ፣ የልጆች ቁጥር፤ ከዚያ «ቤተ ክርስቲያንን በትጋት አገልግለዋል» የሚል አንድ መስመር። ዕድሜ ልኩን ገጠር ለገጠር በእግሩ እየዞረ የሰበከ ሰው በዚያች መስመር ያልቃል።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ከዚህ ተርፈዋል። በልጅነታቸው በባርነት የተሸጡት እኚህ ሰው ያዘጋጁት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሟል፤ በ1904 ነቀምት ገብተው እስካረፉበት እስከ 1931 አገልግለዋል። አስቴር ጋኖስ? እሳቸውም ከባርነት ነፃ የወጡ ናቸው። ለመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም ሥራ የኦሮምኛ ቃላትን የሰበሰቡ፣ በቃላቸው የያዙትን ተረትና ዘፈን በጽሑፍ ያሰፈሩ፣ በነቀምት ልጆችን ያስተማሩ እሳቸው ነበሩ። ስማቸው ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከኦኔሲሞስ ኋላ፣ እንደ ምርቃት ነው። ይህ ተገቢ አይመስለንም።

እንዲህ ያለ ሥራ የሠሩት እንዲህ ከተዘነጉ፣ መጽሐፍ ያላሳተሙትማ ማን ያስታውሳቸዋል?

ከነቀምት እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ያሉ ማኅበረ ምእመናን መዝገብ ይክፈቱ። አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንዳገለገሉ ከራሳቸው አንደበት ይጻፍ። ለጉባኤ እንግዳ ወጥ ሲሠሩ ያደሩ እናቶችም አይዘለሉ። ወጣቶች እስክሪብቶ ይዛችሁ ዛሬውኑ ወደ አያቶቻችሁ ሂዱ።