ሽቱ የሚፈረደው ማታ ነው

በዚህ መጽሔት ስለ ሽቱ መጻፍ ለአንዳንድ ጓደኞቻችን ቀላል ነገር መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን የስንት ወር የኪስ ገንዘቡን በአንዲት ጠርሙስ ላይ የሚያፈስ ተማሪ፣ ለራሱም ይሁን ለስጦታ፣ የሚገዛውን ነገር ማወቅ ይገባዋል።

በሴቶች መኝታ ቤት ክርክሩ የሻኔል ኮኮ ማድሟዜል ይበልጣል ወይስ የዲዮር ሚስ ዲዮር ሼሪ የሚል ነው። ሁለቱም ከላይ ፍሬ፣ ከመካከል አበባ፣ ከሥር ፓቹሊ አላቸው። ፓቹሊ የበሶብላና የዳማከሴ ዘመድ የሆነ፣ ይልቁንም በኢንዶኔዥያ የሚበቅል ተክል ነው፤ ቅጠሉ ደርቆ ዘይቱ በእንፋሎት ይወጣል። በ19ኛው መቶ ዓመት የካሽሚር ሻል ወደ አውሮፓ ሲላክ ብል እንዳይበላው ይህ ቅጠል በመካከሉ ይደረግ ነበር። መዓዛው ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ከጨርቁ ስለማይለቅ፣ ገዢዎች እውነተኛውን ሻል በአፍንጫቸው ይለዩ ነበር ይባላል።

ኮኮ ማድሟዜልን ዣክ ፖልዥ እ.ኤ.አ. በ2001 ቀመመው። ብርቱካኑ ቀድሞ ይመጣል፤ ጽጌረዳና ጃስሚን ይከተሉታል፤ ፓቹሊው የአፈርና የሻጋታ ጠረኑ የተቀነሰለት ስለ ሆነ ደረቅና ንጹሕ ነው። ሼሪን ደግሞ ክሪስቲን ናዠል በ2005 ስትቀምም እንጆሪና በስኳር የተለበሰ ፈንዲሻ አገባችበት። የሚሥቅ ይሣቅ፤ እኔ ድፍረቷን አደንቃለሁ። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ለለመደ አፍንጫስ ምን እንግዳ ነገር አለው?

በሱቅ ውስጥ በወረቀት ላይ ተረጭቶ ወዲያው ከተሸተተ የሚረታው ሼሪ ነው። ነገር ግን ፍሬው ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፤ ከጠዋቱ ትምህርት እስከ ቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ከቆዳ ጋር የሚውለው ፓቹሊው ነው። በዚያ ሰዓት የሼሪ ስኳር ይከብዳል፤ በተጨናነቀ ክፍልማ አጠገብ የተቀመጠውንም ያስጨንቃል። እኔ ለኮኮ ማድሟዜል እፈርዳለሁ።

ከዚህ የባሰው የስሙ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ሚስ ዲዮር በ1947 የወጣ ፍጹም ሌላ ሽቱ ነበር። በ2011 ገደማ ግን ከአዲሱ ላይ «ሼሪ» የሚለው ቃል ተነሥቶ ሚስ ዲዮር ተባለ፤ ነባሩ «ኦሪዢናል» የሚል ቅጽል ተሰጥቶት ወደ ጓዳ ገባ። ቀመሩም በ2017ና በ2021 እንደ ገና ተለወጠ፤ ዛሬ በሚሸጠው ውስጥ ያ ፈንዲሻ የለም። እንግዲህ የታላቅ እኅቷን ሼሪ አሽትታ የወደደች ልጅ ዛሬ ሚስ ዲዮርን ብትገዛ የምታገኘው ሌላ ሽቱ ነው። አንዲት ጠጅ ጣይ ጌሾውን ለውጣ በዚያው ስም ብትሸጥ መንደሩ ዝም ይላት ነበርን?

ስለዚህ ለስጦታ ያሰባችሁ ወንድሞች፣ በጠርሙሱ አንገት ላይ ያለው ሪባን አያታልላችሁ። መጀመሪያ ትንሿን የናሙና ብልቃጥ ፈልጉ፤ ጠዋት በእጇ አንጓ ላይ ትቀባውና ከእራት በኋላ ጠይቋት።