አንድ ቁልፍ ለመጫን በሌሊት

«ሲስተም የለም።» ይቺን ቃል ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ባንክ ስትሄዱ፣ ክፍለ ከተማ ስትሄዱ፣ በስልካችሁ ብር ልትልኩ ስትሉም ያቺው ናት። ሲስተም ግን ሰማይ ላይ የሚኖር መንፈስ አይደለም። የሆነ ክፍል ውስጥ፣ ኤሲ እየነፈሰበት፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ማሽን ነው፤ ሰርቨር ይባላል። እሱ ሲቆም ሄዶ የሚቀሰቅሰው ሰው አለ። እኔም አንዱ ነኝ።

ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መብራት ጠፍቶ መጥቷል፣ ዋናው ሰርቨር ግን አልተነሳም። ከቤት ሆኜ በላፕቶፕ ልገባ ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች! በዚያ ዝናብ ኮንትራት ታክሲ ለምኜ ከአያት ሜክሲኮ ደረስኩ። ክፍሉ ውስጥ ለ8 ሰርቨሮች ያለው አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ስክሪንና አንድ ማውስ ብቻ ነው። የሚያገናኛቸው ኬቪኤም ስዊች የምንለው ሳጥን ነው። ስክሮል ሎክን ሁለቴ ነካ ነካ ስታደርጉ ዝርዝሩ ይመጣል፣ የፈለጋችሁትን ሰርቨር ትመርጣላችሁ። 5ኛውን መረጥኩ። ስክሪኑ ላይ ምን ብሎ ጠበቀኝ? የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፣ ለመቀጠል ኤፍ 1ን ተጫን። ተጫንኩ። ተነሳ። በቃ፣ ይኸው ነው!

«ታዲያ ከቤትህ ለምን አልገባህም?» ትሉኝ ይሆናል። ከሩቅ የምንገባባቸው የተለመዱት ፕሮግራሞች የሚሠሩት ዊንዶውሱ ወይም ሊኑክሱ ከተነሳ በኋላ ነው። በር አንኳኩቶ ውስጥ ያለው ሰው እስኪከፍት እንደመጠበቅ ቁጠሩት፤ ሰውየው ካልነቃ ማን ይከፍታል? ያ ሳጥን ግን በኔትወርክ የሚሠራ ወንድም አለው። ወደ ስክሪኑ የሚሄደውን ምስል ወስዶ በኔትወርክ ይልክላችኋል፣ እናንተ ቤት ሆናችሁ የምትጫኑትን ቁልፍ ደግሞ እዚያ እንደተሰካ ኪቦርድ አድርጎ ለሰርቨሩ ያቀብላል። ሰርቨሩ ልዩነቱን አያውቀውም። ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ የሚመጣውን ጥቁር ስክሪን ሳይቀር አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ ታያላችሁ። ብዙዎቹ ሰርቨሮች ደግሞ ይህንን ከውስጣቸው ይዘው ነው የሚመጡት፤ የኤችፒው አይሎ፣ የዴሉ አይድራክ ይባላል። ሰርቨሩ ጠፍቶ እንኳ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ይሠራል።

ያናደደኝ እዚህ ላይ ነው። ያን ሌሊት ሰርቨሩን ዞሬ ከጀርባው ሳየው ለዚሁ የተሠራችው የኔትወርክ ቀዳዳ አለች። ገመድ የለባትም። ስክሪኑን ከሩቅ ለማየት የሚያስፈልገው ላይሰንስም ሲገዛ «ዋጋ ለመቀነስ» ተብሎ ተሰርዟል። በማግስቱ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ፣ «ልጁ አለ አይደል?»

ልጁ እኔ ነኝ። ልጁ ይታመማል፣ ልጁ ክፍለ ሀገር ለቅሶ ይሄዳል፣ ልጁን በሌሊት መንገድ ላይ አንድ ነገር ሊያገኘው ይችላል። ደመወዙ ስለተከፈለ ብቻ ሰውን እንደ መለዋወጫ ዕቃ መቁጠር ትክክል አይደለም። ደግሞም ልጁ ዝናብ ውስጥ ታክሲ ሲፈልግ ሲስተሙ ቆሞ ነው የሚጠብቀው፤ ጠዋት የሚሰለፈው ሕዝብ ነው።

ይሄ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም ክራውድስትራይክ የለቀቀው የተበላሸ አፕዴት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ገትሯል። ብዙዎቹ ማሽኖች እየተከፈቱ አንዷ ፋይል መጥፋት ነበረባት። ከሩቅ የሚሠራ ኬቪኤም የነበረው ወንበሩ ላይ ሆኖ ሠራ፣ ያልነበረው እየዞረ።

መንገዱ መኖሩ ብቻም አይበቃም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም አመሻሽ ላይ ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም አንድ ላይ ድርግም ያሉበት ምሽት ትዝ ይላችኋል? ስልካችሁን ስንቴ አጥፍታችሁ አበራችሁ? ኩባንያው በኋላ እንደጻፈው ዋናውም የመጠባበቂያውም ኔትወርክ ስለወደቀ ኢንጂነሮቹ በአካል ዳታ ሴንተር ድረስ መሄድ ነበረባቸው። ስለዚህ የኬቪኤሙ መስመር ከዋናው የተለየ ይሁን፤ ሌላው ቢቀር የራሷ ሲም ያላት ራውተር።

ደግሞ ክፈቱ ስላልኩ በሩን ለዓለም በርግዱት ማለቴ አይደለም። በኬቪኤም የገባ ሰው ሰርቨሩ ፊት ወንበር ስቦ እንደተቀመጠ ነው። የድሮዎቹ አይድራኮች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት የመግቢያ ስም «ሩት»፣ ፓስወርዱ «ካልቪን» ነበር። የሠርግ ካርድ ላይ የሚጻፍ ይመስላል አይደል? ይህንን ጥንድ የማያውቅ ሰርጎ ገብ የለም። ከገዛችሁ ቀይሩት፣ በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ አታውጡት፣ በቪፒኤን ብቻ ይገባ።

አይቲ ተምራችሁ ሥራ የምትፈልጉ ልጆች፣ ኢንተርቪው ላይ «ጥያቄ አለህ? አለሽ?» ሲሏችሁ ዝም አትበሉ። ሰርቨሩ ሌሊት ቢቆም በምን ትገቡበታላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ልጁ አለ» ከሆነ ልጁ እናንተ ናችሁ።

እኔ ጋ ባትሪዋ በማግስቱ ተቀየረች። ገመዷ ግን እስከዛሬ አልተሰካችም፤ ስልኬን ሳይለንት አድርጌ መተኛት አልቻልኩም።