የሴንሰሩ ንባብና የሐይቁ ሒሳብ

በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ በግሪንሃውስ የሚለሙት ጽጌረዳዎች የሚጠጡት የሐይቁን ውሃ ነው፤ ከሐይቁ የሚተርፈውም በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ አቢያታን ይመግባል። በተክሉ ሥር አካባቢ የሚተከል የእርጥበት ሴንሰር መቼና ምን ያህል ማጠጣት እንደሚገባ ስለሚጠቁም ብክነትን ይቀንሳል። በገንዘብ ድጋፍ የሚካሄዱ የዶክትሬት ምርምሮች ግን በዚህ ብቻ ሊረኩ አይገባም። በአንድ ሄክታር የተቆጠበው ውሃ ለሌላ ሄክታር ማስፋፊያ ከዋለ፣ ለሐይቁ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። በመሆኑም የድጋፍ ውሉ ከሐይቁ የሚሳበው ጠቅላላ ውሃ በቆጣሪ እንዲለካ፣ የልኬቱም መረጃ ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት እንዲሆን ማስገደድ ይኖርበታል። ይህ ካልሆነ ምርምሩ አልሚውን ይጠቅማል፤ ሐይቁንና በታችኛው ተፋሰስ የሚኖረውን ተጠቃሚ ግን ይዘነጋል።