ማሽን ጠባይ የለውም

በአዲስ አበባ የእንጨት ሥራ ቤቶች ዘንድ አዘውትሮ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ «ይህ ማሽን ጠባይ አለው» ይባላል። ጠዋት እንደ ልቡ ይነሣል፣ ማታ ይለግማል፤ ዝግባ ሲሰጡት ይቆርጣል፣ ባሕር ዛፍ ሲሰጡት ያጨሳል፤ አሮጌው ቤት ሳለ ሰላማዊ የነበረው አዲሱ ቤት ከገባ ወዲህ ይንቀጠቀጣል። ጠባይ ለሰውና ለከብት እንጂ ለብረት አይሰጥም ብንል የሚከራከረን አይኖርም። በተግባር ግን ብዙዎቻችን፣ የተማርነውም ጭምር፣ ማሽኑን የምንይዘው እንደ ባለ ጠባይ ፍጥረት ነው። ሲያስቸግር እናባብለዋለን፤ ካልሆነም እንመታዋለን፤ በመጨረሻም «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብለን ሽቦውን እናስጠቀልለዋለን።

ጉዳዩ ለሳይንስ ፋኩልቲ መጽሔት ዝቅ ያለ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር አንድ ነገር እንዲያስተውል እንጠይቃለን። ከደምበል ሕንፃ በስተጀርባ፣ ከኦሎምፒያና ከፍላሚንጎ ወደ ውስጥ በሚያስገቡት መንገዶች፣ ከዋናው ጎዳና የማይታዩ የእንጨት ሥራ ቤቶች አሉ። አንዱ ጡረታ ሲወጣ በሰርቪስ ቤቱ ክብ መጋዝ ተክሏል፤ ሌሎች ወንድማማቾች በግቢው ጥግ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር መላጊያ ማሽን አቁመዋል። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሠፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሡም ከነዋሪው ጋር ማሽን ተሰዷል፤ ከመሠረቱ ተፈትቶ፣ በአይሱዙ ተጭኖ፣ በማያውቀው ወለልና በማያውቀው መስመር ላይ ተተክሏል። በእነዚህ ቤቶች በየቀኑ የሚገጥመው ችግር እኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምናስተምረው ፊዚክስ ነው። ልዩነቱ እኛ ስንሳሳት ነጥብ ሲቀነስ እነርሱ ሲሳሳቱ ጣት መቀነሱ ነው።

ከኤሌክትሪኩ እንጀምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ሐቅ አለ፤ ማታ ኃይል ሲደክም ምጣዱ ቶሎ አይግልም። ምጣድ ተራ ሬዚስተር ስለሆነ ቮልቴጅ ሲቀንስ የሚወስደው ጅረትም አብሮ ይቀንሳል፤ እንጀራው ይዘገያል እንጂ ምጣዱ አይጎዳም። ባለ ማሽኑ ይህንኑ እውቀት ወደ ሞተሩ ይወስደውና ይሳሳታል። ጭነት ላይ ያለ ኢንዳክሽን ሞተር ቮልቴጅ ሲቀንስበት በተቃራኒው ብዙ ጅረት ይስባል፤ ያው እንጨት ያንኑ ያህል ጉልበት ይጠይቀዋልና። ስለዚህ ምጣዱን የሚያቀዘቅዘው ማታ ሞተሩን ያግለዋል። የመነሻ ጉልበቱ ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ፣ አሥር ከመቶ የቮልቴጅ ማነስ ወደ ሃያ ከመቶ የሚጠጋ የጉልበት ማነስ ይሆናል።

በዚሁ አካባቢ ያየነውን አንድ ክብ መጋዝ ለአብነት እናንሣ። ሞተሩ ባለ 3 የፈረስ ጉልበት፣ ነጠላ ፌዝ ነበር። (ቃሉ በአማርኛ የያዘው ሌላ ትርጉም ለቀልደኞች አመቺ ነው፤ ማታ ማታ መጋዙ በባለቤቱ ላይ ያፌዝ ነበር።) ጠዋት ይነሣል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግን እያጉረመረመ ይቆማል። ካፓሲተሩ ሦስት ጊዜ ተለውጧል። ከቆጣሪው እስከ መጋዙ የተዘረጋው ገመድ 30 ሜትር ርዝመትና 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረት ነበረው፤ ሰው ግን ወደ ገመዱ አልተመለከተም፣ ገመድ አይሰበርማ! ስሌቱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ነው። የመዳብ ሬዚስቲቪቲ ሲታወቅ፣ የመሄጃና የመመለሻው 60 ሜትር ሽቦ 0.41 ኦም ገደማ ይሆናል። ሞተሩ ሲሠራ 14 አምፔር ያህል ስለሚወስድ በገመዱ የሚጠፋው 6 ቮልት ብቻ ነው፤ መለኪያ ይዞ የመጣ ባለሙያ ሁሉ «መስመሩ ደኅና ነው» ቢል አይፈረድበትም። ሞተር ሲነሣ ግን የዘወትሩን ስድስት እጥፍ ያህል ይስባል፤ በ84 አምፔር የሚጠፋው 35 ቮልት ነው። ጠዋት ከ220 ቮልት 185 ይተርፋል፤ የመነሻ ጉልበቱ ወደ 70 ከመቶ ይወርዳል፤ ይህም ያስነሣዋል። ማታ ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ጥዶ ቆጣሪው ላይ 195 ቮልት ሲሆን፣ ሞተሩ ጋ የሚደርሰው 164 ገደማ፣ የመነሻ ጉልበቱም ከግማሽ እምብዛም የማይበልጥ ይሆናል። ገመዱ በ6 ስኩዌር ሚሊሜትር ሲተካ የማታው ጉልበት ወደ ጠዋቱ ተጠጋ፤ ማጉረምረሙም ቀረ። እዚህ ላይ ልንል የፈለግነው ብልኃቱ በመለኪያው ዋጋ ሳይሆን በጊዜውና በቦታው መሆኑን ነው፤ የሚለካው ሞተሩ ጫፍ ላይ፣ በሚነሣበት ቅጽበት ነው።

ወደ ባለ ሦስት ፌዙ ሞተር ስንመጣ፣ የሚሽከረከረው መግነጢሳዊ መስክ እ.ኤ.አ. በ1888 ጋሊሌዎ ፌራሪስና ኒኮላ ቴስላ በየፊናቸው ይፋ ያደረጉት፣ ተማሪዎቻችንም በፈተና ወረቀት ላይ አሳምረው የሚሥሉት ነው። ይሁን እንጂ ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ፊዩዝ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ብንጠይቅ አብዛኞቹ «ሞተሩ ይቆማል» ይላሉ። አይቆምም! እየሠራ የነበረ ሞተር ድምፁን ለውጦ መሥራቱን ይቀጥላል፤ በቀሩት ሁለት መስመሮች ግን ጅረቱ ወደ 1.7 እጥፍ ያድጋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ይቃጠላል። ሥራ አቁሞ ከነበረ ደግሞ ሲያበሩት አይነሣም፤ ይጮኻል እንጂ። በዚያን ጊዜ ምላጩን በእጅ አሽከርክሮ ለማስነሣት የሚሞክር ሰው እየተጫወተ ያለው በእጁ ነው። የአንድ ፌዝ መጥፋትን አይቶ ሞተሩን የሚያጠፋ ሪሌ ሞተሩን ከማስጠቀለል እጅግ ይረክሳል።

ባለ ሦስት ፌዝ መስመር የሌለው ሰው ሞተሩን በካፓሲተር ወይም በኢንቨርተር ሊያስነሣው ይሞክራል፤ ሁለቱም የሚቻሉ ናቸው፤ ካፓሲተሩ የኃይሉን አንድ ሦስተኛ ገደማ ያስከፍላል። አስቀድሞ ግን በሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ታርጋ ማንበብ ይገባል። 220 በዴልታ፣ 380 በስታር የሚል ከሆነ በዴልታ አገናኝቶ በቤት ኃይል ማስኬድ ይቻላል፤ 380 በዴልታ የሚል ከሆነ ግን ከ220 ቮልት ሊገኝ የሚችለው የጉልበቱ ሲሶ ብቻ ነው። ከአሜሪካ በኮንቴይነር በሚመጣው ማሽን ላይም ታርጋው ዋና ምስክር ነው። እዚያ ድግግሞሹ 60 ኸርዝ፣ እኛ ዘንድ 50 ነው። በደቂቃ 3,450 ጊዜ ይዞር የነበረ ሞተር እዚህ 2,875 ገደማ ይዞራል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ለ230 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ሲሠራ የብረቱ መግነጢሳዊ ፍለክስ በ15 ከመቶ መጨመሩ ነው። ባዶውን ሲዞር እንኳ የሚግል ሞተር ያላችሁ «ጠባዩ ነው» ከማለታችሁ በፊት ታርጋውን ጥረጉት።

አንድ የሚያስደስት ነገርም አለ። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ የሞተርን አቅም የሚወስነው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ አየር ውስጥ ነው። ደምበል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ ሞተርን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። በመቶ ሜትር አንድ ከመቶ ብለን ብንቀንስ፣ 80 ዲግሪ የመሞቅ ፈቃድ የነበረው ሞተር 10 ዲግሪ ያህል ያጣል። ዳሩ ግን አየራችን ከ25 ዲግሪ ብዙም ስለማይዘል በዚያ በኩል 15 ዲግሪ እናተርፋለን! ይህን ትርፍ የሚያጠፉት የቀትር ፀሐይ የመታው ቆርቆሮና በሞተሩ ጀርባ ላይ የተጋገረው ሰጋቱራ ናቸው።

ሰጋቱራን ካነሣን አይቀር፣ የእንጨት ሥራ ቤት ቋንቋ ምን ያህል ጣልያንኛ እንደሆነ ልብ ይሏል፤ ፑሌጃ፣ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ሞርሳ። ካዛንቺስ ራሱ ስሙን ያገኘው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው ተቋም፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» ነው። ስሞቹን ተቀብለናል፤ አተካከሉን ግን በግምት ይዘነዋል።

ከባድ ማሽን ሲተከል የመጀመሪያው ጥያቄ ወለሉ ነው። ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ አንድ ጠለል ይወስናሉ፤ አራተኛው እግር ግን ተጨማሪ ነውና ወለሉ ካልተስተካከለ አየር ላይ ይቀራል። የተለመደው መፍትሔ ቡሎኑን እስኪጮኽ ማጥበቅ ነው። ያን ጊዜ እግሩ ወለሉን ይነካል፤ ጠረጴዛው ግን ይጠመዘዛል። የሚላገው ጣውላ በአንድ ጫፉ ይጎድልና ባለቤቱ ቢላውን መሳል ይጀምራል! ትክክለኛው መንገድ ውሃ ልክን በቁመትም በወርድም በሰያፍም አስቀምጦ፣ ከእግሩ ሥር ቀጭን ብረት እየሸጎጡ ማስተካከል፣ ቡሎኑንም በመጨረሻ ማጥበቅ ነው። በመላጊያ ማሽን ላይ ደግሞ መውጫው ጠረጴዛ ከቢላው ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ዝቅ ካለ ጣውላው ሊያልቅ ሲል ይሰረጎዳል፣ ከፍ ካለም እየሳሳ እንደ ሽብልቅ ይወጣል። ጉድለቱ በራሱ ጣውላው ላይ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው።

ስለ መንቀጥቀጥ አንድ ቁጥር ብቻ እንስጥ። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ምላጭ ጠርዝ ላይ 10 ግራም ሬንጅ ቢጣበቅ፣ በደቂቃ በ2,850 ዙር 130 ኒውተን የሚያህል ኃይል ይፈጥራል፤ ማለትም 13 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ በሰከንድ 47 ጊዜ አቅጣጫውን እየለወጠ ኩሽኔታውን ይጎትተዋል። ስለዚህ ኩሽኔታ ከመለወጥ በፊት ምላጩን ማጠብ ይቀድማል።

የዚያ ምላጭ ጥርስ በሰከንድ 45 ሜትር፣ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በውስጡ ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት 775 ጁል ገደማ ነው፤ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ሲወድቅ ከሚያደርሰው አያንስም። ባሕር ዛፍ በግንዱ ውስጥ የታመቀ ውጥረት ስላለው ሲሰነጠቅ ሁለቱ ገጾች መልሰው ምላጩን ይቆነጥጡታል፤ ከኋላ የሚወጡት ጥርሶችም እንጨቱን አንሥተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። ከምላጩ በስተኋላ የምትቆመው ቀጭን ብረት የተሠራችው መሰንጠቂያው እንዳይገጥም ነው። በጎበኘናቸው ቤቶች ብዙ ጊዜ ያገኘናት ተፈትታ መስኮት ላይ ነው፤ «ሥራ ታጓትታለች» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ለመግባባት ፈቃደኞች አይደለንም። አቧራውም እንዲሁ ነው፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ነገሮች ተራ መድቦታል። ከመኝታ ቤት አጠገብ ባለ ሰርቪስ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ የልጆቹም ጉዳይ ነው።

«ይህ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሥራ ነው፤ ፋኩልቲውን ምን አገባው?» የሚሉ ባልደረቦች አሉን። እነዚያ ተቋማት ማሽን ማንቀሳቀስን ያስተምራሉ፤ መልካም ነው። የምናየው ጉድለት ግን አንዱን ምክንያት ከሌላው ለይቶ የማውጣት ልማድ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ መለካት፣ መመዝገብ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው መሄድ። ይህን በላቦራቶሪ እናስተምራለን እንላለን፤ ሆኖም ላቦራቶሪያችን መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ሙከራ የተሞላ ነው፤ ተማሪው 9.8 እስኪያገኝ ድረስ ቁጥሩን ያሻሻል። ማታ ብቻ የሚለግም መጋዝ ግን መልሱን በመማሪያው መጨረሻ ገጽ ላይ አልጻፈም። በዚያ ላይ ባለ መጋዙ እኛ የማናውቀውን ያውቃል፤ የኩሽኔታን መበላት በጆሮው፣ የምላጭን መደነዝ በሽታ ይለያል። ተማሪው ከእርሱ የሚማረው ከሚያስተምረው ያነሰ አይሆንም።

ስለሆነም የመመረቂያ ሥራ ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በአንድ ሠፈር አሥር የቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤቶችን መርጦ፣ በእያንዳንዱ ሞተር ጫፍ ላይ በሚነሣበት ቅጽበት ያለውን ቮልቴጅ፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር ላይና ማታ 1 ሰዓት፣ ለሁለት ሳምንት መመዝገብ። የሚያስፈልገው ዝቅተኛውን ንባብ የሚይዝ መልቲሜትር፣ ሜትር፣ ደብተርና የባለቤቱ ፈቃድ ነው። የገመዱ ርዝመትና ውፍረት፣ የታርጋው ጽሑፍ፣ የተለወጡት ካፓሲተሮች ብዛትም በአንድ ሠንጠረዥ ይግቡ። መልቲሜትሩን ከክፍላችን እናውሳለን፤ ያቺን ቀጭን ብረት ከመስኮቱ አውርዶ ላስገጠመ ተማሪም በውጤት አሰጣጡ ላይ እናስብለታለን።